ድምፅ ሳያሰሙ ለመነጋገር የቱ ይሻላል? ለወታደር የሚለበስ መገናኛ መሥራት ላሰባችሁ የንጽጽር መመሪያ

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ፣ ባሕር ዳር ፖሊም ይሁን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሐሳብ ከጠረጴዛው አይጠፋም። ወታደሮች ድምፅ ሳያሰሙ የሚግባቡበት፣ ሰውነት ላይ የሚለበስ መሣሪያ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሰርኪዩትም፣ ኮድም፣ ሬዲዮም፣ የሰው ባሕርይም አንድ ላይ ይገኙበታል። ጣጣው የሚጀምረው ኢንተርኔት ሲከፈት ነው። አንዱ ጓንት ያሳያል። ሌላው የሚንዘር ቀበቶ፣ ሌላው ጉሮሮ ላይ የሚታሰር ማይክ፣ ሌላው ደግሞ መንጋጋ ላይ ተለጥፎ ሐሳብ የሚያነብ የሚመስል ነገር። ቪዲዮ ላይ ሁሉም ይሠራሉ።

ይህ መመሪያ ከእነዚህ መካከል መምረጥ ለቸገረው ቡድንና ለአድቫይዘሩ ነው። የማንንም ኩባንያ ዕቃ አላሞግስም። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ቡድን ጊዜውንም ገንዘቡንም መላኪያው ላይ ያፈሳል። ጓንቱ ያምራል፣ ኮዱ ይራቀቃል። ተቀባዩ ጋ ሲደርሱ ጊዜው ያልቅና አንዲት ትንሽ ስክሪን ተገጥማ ነገሩ ይዘጋል። ጨለማ ውስጥ ያደፈጠ ሰው ደረቱ ላይ ሰማያዊ መብራት በራ ማለት እኮ ነው! ስለዚህ በተቃራኒው ጀምሩ። መቀበያውን አስቀድማችሁ ምረጡ። መልእክቱ ዓይንና ጆሮ ሳይሻማ እንዴት ይድረስ የሚለው ከተፈታ፣ መላኪያው ሁለት ቁልፍም ቢሆን ይበቃል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ዝምታው ራሱ ነው። እሱም ሦስት ዓይነት ነው። ለጆሮ ዝም ማለት አለ። ለዓይን ዝም ማለት አለ፤ ብርሃን አለማውጣት ማለት ነው። ለሬዲዮ ዝም ማለትም አለ፤ ይኼን ብዙዎች ይረሱታል። አየር ላይ ሞገድ የሚለቅ ዕቃ፣ መልእክቱ የቱንም ያህል በምስጢር ቢቆለፍ፣ ያለበትን ቦታ ያጋልጣል። አቅጣጫ ፈላጊ መሣሪያ የያዘ ሰው ምን እንዳላችሁ ባይሰማም ከየት እንደላካችሁ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ አጭር፣ ኃይሉ ዝቅተኛ፣ ስርጭቱም አልፎ አልፎ ይሁን። ሰዓቱን ሙሉ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያና አልፎ አልፎ ጥቂት ባይት የሚልክ መሣሪያ እኩል ዝምተኞች አይደሉም።

ሁለተኛው እጅ ነው። ወታደር ሁለቱም እጁ ሥራ ላይ ነው። ለመላክ ጠመንጃውን ማስቀመጥ ካለበት መገናኛው ሸክም ሆነበት።

ሦስተኛው የቃላት ብዛት ነው። እዚህ ላይ ቆጠብ በሉ። ቁም፣ ቀጥል፣ ተኛ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደኔ ና፣ አየሁ፣ ድገም። እነዚህ ስምንት ናቸው፤ ስምንት መልእክት ደግሞ በ3 ቢት ያልቃል። "ገባኝ" ሲጨመር ዘጠኝ። የእጅ ምልክት ለዘመናት የሠራው ቃሉ ጥቂት ስለሆነ ነው። መቶ ቃል የሚልክ መሣሪያ ሰውየው መቶ ቃል እንዲያስታውስ ይጠይቃል፤ ያውም ልቡ እየመታ።

አራተኛው ስሕተት ነው። ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው፦ የተላከው ሳይደርስ መቅረት፣ ወይም ያልተላከው መድረስ። ሁለተኛው ይብሳል። ሳይታዘዝ "ቀጥል" የሚል መሣሪያ ከመያዝ ጭራሽ አለመያዝ አይሻልም ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚሁ ጋር፣ መሣሪያው "ደረሰ" ማለቱና ሰውየው "ገባኝ" ማለቱ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም ለይታችሁ ሥሩ።

አምስተኛው አገሩ ነው። ጎጃም ለመሣሪያ የሚራራ አገር አይደለም። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችሁ በረሃ ትገባላችሁ። ብርድ ላይ ባትሪ ይደክማል፣ ቆዳ ይደርቃል። ሙቀት ላይ ላብ ይመጣል፣ የተለጠፈው ሁሉ ይነሣል። ክረምቱ ደግሞ ይታወቃል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ተቀምጦ ላብ ውስጥ ብቻ የሚሠራ... ይቅርታ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ማቅረብ ያሳዝናል።

የመጨረሻው ባትሪና ዋጋ ነው። ባትሪ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚበላው መላኩ ሳይሆን ጆሮ ደቅኖ መጠበቁ ነው። ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ የኮድ ቦርድ) ዋይፋዩን ከፍቶ ሲያዳምጥ 100 ሚሊአምፔር አካባቢ ይወስዳል። 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ በአሥር ሰዓት ገደማ አለቀ ማለት ነው። ሎራ የሚባለው፣ ጥቂት ባይት በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ግን ሬዲዮው ብቻውን 11 ሚሊአምፔር ቢወስድ ነው። ሞተሩ ሲንዘር 80 ሚሊአምፔር ቢጠጣም፣ ለግማሽ ሰከንድ ስለሆነ አይቆጠርም።

መቀበያዎቹ

ስክሪንና መብራትን በአንድ አረፍተ ነገር እንለፋቸው፦ ለሙከራ ጠረጴዛ ላይ ይጠቅማሉ፣ ሰው ላይ ግን አይወጡም።

*ንዝረት።* የእኔ ምርጫ ይኼ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዘርዘር ላድርገው። ስልካችሁን ቫይብሬት የሚያደርገው ዓይነት ክብ ሞተር ውጭ አገር ከ1 ዶላር በታች ይገኛል። ጨለማ አይከለክለውም፣ የተኩስ ድምፅ አይውጠውም። ትልቁ ጥቅሙ ግን አቅጣጫ መናገሩ ነው። ቀበቶው ላይ በግራ በኩል ከነዘረ "ግራ" ነው፤ ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአብራሪዎች የንዝረት ሰደርያ የሞከሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ደመና ውስጥ ገብቶ ላይና ታቹ የጠፋበት አብራሪ ቆዳው ያሳውቀዋል።

ግን ዝም ብሎ ሞተር መደርደር አይደለም። ቆዳችን ንዝረትን በደንብ የሚለየው 250 ሄርትዝ አካባቢ ሲሆን ነው። ቦታን የመለየት አቅሙም እንደየአካሉ ነው። ጣት ጫፍ ላይ ሁለት ነጥቦችን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ርቀት እንለያለን። ክንድ ላይ ግን ወደ 4 ሳንቲሜትር ካልተራራቁ አንድ ይመስሉናል። የእጅ አንጓ ላይ አራት ሞተር አጠጋግቶ መስፋት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። ወገብ ይሻላል። ምርምሮች ላይ ብዙ ጊዜ ስምንት ሞተር ይታያል፤ ለእናንተ ግን አራት ይበቃል፦ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። አራቱን ቦታ በሦስት ዓይነት ምት ብታባዙ (አንድ አጭር፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም) አሥራ ሁለት መልእክት ወጣ። ከዚያ በላይ የምት ዓይነት አትጨምሩ። የሚሮጥ ሰው ስድስት ምት አይቆጥርም። እንዲያውም ሰውነት ሲንቀሳቀስ ንዝረት የመሰማት ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተቀምጦ የተሰማው ሁሉ እየሮጡ ይሰማል ብላችሁ አትመኑ። ሮጣችሁ ሞክሩት።

ጉድለቱስ? አንደኛ፣ ሞተር ድምፅ አለው። ቆዳ ላይ ሲሆን አይሰማም፤ ብረት ወይም ፕላስቲክ ሲነካ ግን እንደ ጢንዚዛ ያንዛዝናል። በስፖንጅ ወይም በሲሊኮን ለብጡትና ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሜትር ርቀት አድምጡት። ሁለተኛ፣ ልብስ ይውጠዋል። ስስ ካናቴራ ምንም አይል፤ ከወፍራም ጃኬት ላይ ከታሰረ ግን ለጃኬቱ ነው መልእክት የምትልኩት። ሦስተኛ፣ ርካሹ ሞተር ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ይወስዳል፤ ምቶቹ ይደበላለቃሉ። ገንዘብ ካለ ሬዞናንት የሚባለውን ዓይነት ሞተሩን ከሚያዝዘው ቺፕ ጋር (ዲአርቪ2605ኤል የታወቀ ነው) ግዙ፤ ምቱ ጥርት ይላል። ደግሞ ሞተሩን ከቦርዱ ፒን በቀጥታ አታስነሡ። ትራንዚስተርና ዳዮድ መሐል ይግባ፤ አለዚያ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል።

*በአጥንት የሚያሰማ ኢርፎን።* ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት ላይ ያርፋል። ድምፁ በራስ ቅል በኩል ስለሚገባ ጆሮ ክፍት ሆኖ ዙሪያውን ይሰማል። ረጅም ዓረፍተ ነገር መቀበል ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ግን ለጎረቤት ይሾልካል፤ የራስ ቁር ማሰሪያም ከቦታው ያንሸራትተዋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሚያዳምጥ ሰው ጆሮው ክፍት ቢሆንም ሐሳቡ ክፍት አይደለም። ቃል እየሰማ የቅጠል ኮሽታ ያመልጠዋል።

መላኪያዎቹ

*ቁልፍ።* ጠመንጃው እጀታ አጠገብ ወይም ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚታሰር ሁለት ለስላሳ ቁልፍ። በአንድ ጣት አጭር፣ ረጅም፣ ሁለቴ። አያምርም። ዳኞችን አያስደምምም። ግን ላብ አያውቅም፣ ለየሰው ማስተካከያ (ካሊብሬሽን) አይጠይቅም፣ በሁለት ሳምንት ይሠራል። የሚጮኽ ቁልፍ ብቻ አትግዙ፤ "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ሌሊት ሩቅ ይሄዳል። በስሕተት ተነክቶ እንዳይልክ፣ ማንኛውም መልእክት በረጅም ጫና ይጀምር።

*ጓንት።* በየጣቱ መታጠፍ የሚለካ ሴንሰር፣ እጅ ጀርባ ላይ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚለካ እንደ ኤምፒዩ6050 ያለ ቺፕ። ጥቅሙ ወታደሩ አስቀድሞ የሚያውቃቸውን የእጅ ምልክቶች መቀበሉ ነው፤ ተቀባዩ ላኪውን ማየት ሳያስፈልገው። በዚህ በኩል ሐሳቡ የሚወደድ ነው። ነገር ግን እጅ ሥራ አለው። ጠመንጃ ይጨብጣል፣ ድንጋይ ይይዛል፣ ያካል። ሁሉም ምልክት ሊመስል ይችላል። "መልእክት ልልክ ነው" የሚል የማንቂያ ምልክት ካላስገባችሁ በቀር ሐሰተኛ መልእክቱ ያጥለቀልቃችኋል። የመታጠፊያ ሴንሰሩ ኦሪጅናል ከሆነ አንዱ ከ10 ዶላር በላይ ነው፤ አምስት ጣት አለ። ሽቦው ደግሞ ሁልጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ይበጠሳል። የምልክት ቋንቋ ጓንት ሠርታችሁ የምታውቁ ይኼን አልነግራችሁም።

*የጡንቻ ሲግናል የሚያነብ ክንድ ማሰሪያ።* ጣት ሲንቀሳቀስ ክንድ ላይ ያለው ጡንቻ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ያንን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ማንበብ ይቻላል። እጅ ነፃ ነው፤ ጠመንጃ ጨብጠውም አውራ ጣትን ጠበቅ ማድረግ ምልክት ይሆናል። ታልሚክ ላብስ የተባለ የካናዳ ድርጅት በስምንት ሴንሰር የሠራው ማዮ የሚባል ማሰሪያ ተወዳጅ ነበር፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ምርቱ ቆመ። አሁን ተማሪ የሚገዛው ወደ 40 ዶላር የሚሸጥ ነጠላ ሴንሰር ነው። ሲግናሉ በአብዛኛው ከ20 እስከ 500 ሄርትዝ ስለሆነ በሰከንድ ቢያንስ 1000 ጊዜ መለካት አለበት። የመብራት ኃይላችን 50 ሄርትዝ በዚያው መሐል ይገባል፤ ሴንሰሩ ጡንቻ ሳይሆን የግድግዳውን ሽቦ ሲያነብ ብታዩ አትደንግጡ፣ አጣሩት። ከሁሉ በላይ ግን ኤሌክትሮድ የተለጠፈበትን ሰው ሶኬት ላይ ከተሰካ ላፕቶፕ ጋር አታገናኙ። በባትሪ ብቻ ይሁን፣ ዳታውም በብሉቱዝ ይምጣ።

ችግሩ አገሩ ነው። ማሰሪያው ሁለት ሳንቲሜትር ሲዞር ምልክቶቹን እንዲለይ የሠለጠነው ፕሮግራም (ሞዴል) ይሳሳታል። ዓባይ በረሃ ላይ ላቡ ኤሌክትሮዶቹን ያገናኛቸዋል፣ ጮቄ ላይ ደረቅ ቆዳ ሲግናሉን ይዘጋዋል። ማሽን ለርኒንግ ለሚወድ ቡድን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር አማራጭ የለም።

*የጉሮሮ ማይክ።* አንገት ላይ ታስሮ የጉሮሮን ንዝረት የሚሰማ። ከ10 እስከ 20 ዶላር የሚሸጥ አለ፣ ከሬዲዮ መነጋገሪያ ጋር ይሰካል። ይህን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር መስማት አለበት። የጉሮሮ ማይክ የተሠራው ለጸጥታ ሳይሆን ለጫጫታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎችና የታንክ ሠራተኞች የተጠቀሙበት የሞተሩን ጩኸት ስለማያስገባ ነው። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ሞክሩት፤ ያስደንቃችኋል። በሹክሹክታ ግን ይደክማል፣ ምክንያቱም ሰው ሲንሾካሾክ የድምፅ አውታሩ አይርገበገብም። ስለዚህ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ግድ ነው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ጸጥ ባለ ሌሊት ይሰማል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሌላም መዘዝ አለ። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የምንላቸው ፈንጂ ድምፆች የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ አፍ ውስጥ በሚፈነዳ አየር ነው። ስ፣ ሽና ፍም ከአፍ ነው የሚወጡት። ማይኩ ያለው ግን ታች አንገት ላይ ነው። "መጣ" እና "መታ" በጉሮሮ ማይክ ሊምታቱ ይችላሉ፤ ለወታደር የእነዚህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ይህን ከመረጣችሁ የቃላት ዝርዝራችሁን አስቀድማችሁ በማይኩ ቀድታችሁ፣ ለማያውቅ ሰው አሰምታችሁ፣ የተምታቱትን አውጡ።

*አፍ ሳይከፈት የሚነገር ንግግር።* ሰው ቃል በልቡ ሲናገር ወደ ምላስና ጉሮሮ የሚሄደው ደካማ ሲግናል በኤሌክትሮድ ይነበባል። የናሳ ተመራማሪዎች ቸክ ጆርገንሰን እየመሩ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሲያስተዋውቁ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ስድስት ቃልና አሥር አኃዝ ነበር፤ ትክክለኛነቱ 92 በመቶ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የኤምአይቲው አርናቭ ካፑር አልተርኢጎ ብሎ ያቀረበው መሣሪያም በጥቂት ቃላት 92 በመቶ አካባቢ ነው የደረሰው። ድንቅ ሥራ ነው። ግን 92 በመቶ ማለት ከመቶ ትዕዛዝ ስምንቱ ስሕተት ነው፤ ያውም ተረጋግቶ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው። የአማርኛ ትዕዛዝ ደግሞ አሉታው ከፊት ነው የሚለጠፈው፤ "ሂድ" እና "አትሂድ" መጨረሻቸው አንድ ነው። መነሻዋን የሳተ መሣሪያ ትእዛዙን ይገለብጠዋል። ሲግናሉን የሚያነበው ቦርድ ስምንት ቻናል ከሆነ 1000 ዶላር አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ለማስተርስ ጥናት እንጂ ለአንድ ዓመት ፕሮጀክት አይሆንም።

መሐሉ ያለው ሬዲዮ

ድምፅ ካልላካችሁ ሎራ በቂ ነው፤ ድምፅ ከላካችሁ ሎራ አይሆንም። ስፕሬዲንግ ፋክተር የሚባለው ቅንብሩ (ከፍ ሲል ርቀት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል) 7 ሲሆን 20 ባይት መልእክት በ60 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሄዳል። 12 ላይ ግን ከ1 ሰከንድ በላይ አየር ላይ ይቆያል፤ ሩቅ ይደርሳል፣ ባትሪ ይበላል፣ ለአቅጣጫ ፈላጊም ይመቻል። ለአጭር ርቀት የኢኤስፒ32ዎች የእርስ በርስ ፕሮቶኮል (ኢኤስፒ-ናው) ቀላልና ፈጣን ነው። 2.4 ጊጋሄርትዝ ስለሆነ ግን የሰው አካል ይውጠዋል። አንቴናው ደረት ላይ ሆኖ ሰውየው በደረቱ ከተኛ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። ተኝታችሁ ሞክሩ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለጆሮና ለዓይን ዝምታ | እጅ ነፃ ነው? | ስሕተት | ሙቀትና ብርድ ላይ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ንዝረት ቀበቶ (መቀበያ) | በጣም ጥሩ፣ ከተለበጠ | አዎ | ዝቅተኛ | ጥሩ | ርካሽ |
| በአጥንት የሚያሰማ (መቀበያ) | ጥሩ፣ ድምፁ ካልበዛ | አዎ | ዝቅተኛ | ጥሩ | መካከለኛ |
| ቁልፍ (መላኪያ) | በጣም ጥሩ | አንድ ጣት | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ርካሽ |
| ጓንት (መላኪያ) | በጣም ጥሩ | አይደለም | ከፍተኛ፣ ማንቂያ ከሌለ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የጡንቻ ማሰሪያ (መላኪያ) | በጣም ጥሩ | አዎ | መካከለኛ | ደካማ | መካከለኛ |
| የጉሮሮ ማይክ (መላኪያ) | ደካማ | አዎ | መካከለኛ | ጥሩ | ርካሽ |
| የውስጥ ንግግር (መላኪያ) | በጣም ጥሩ | አዎ | ከፍተኛ | ደካማ | ውድ |

ለማን የቱ?

ከኪሱ የሚያወጣ ቡድን ሁለት ቁልፍ፣ አራት ሞተር ያለው ቀበቶና ሎራ ይሥራ። ሦስት ሰው ላይ ይሥራው እንጂ ሁለት ላይ አይብቃው። "ለሁሉም" እና "ለአንዱ ብቻ" የሚሉት መልእክቶች የሚለያዩት ሦስተኛ ሰው ሲኖር ነው።

ዲፓርትመንቱ በጀት ከሰጠ፣ ቀበቶው ባለበት ይቆይና መላኪያው በጡንቻ ማሰሪያ ይተካ። ቁልፉን ግን አትጣሉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስሮጣችሁ ብትለኩ ያ ራሱ ጥሩ ምዕራፍ ነው። ቁልፉ ቢያሸንፍ እንኳ ጻፉት፤ ይመስለኛል ያሸንፋል።

ረጅም ዓረፍተ ነገር የግድ ነው የሚል አድቫይዘር ካለ የጉሮሮ ማይክና በአጥንት የሚያሰማ ኢርፎን ይጣመሩ። ርዕሱን ግን "በጫጫታ ውስጥ መገናኛ" በሉት፤ ያኔ ሥራው ከስሙ ጋር ይስማማል። ጓንት የምመክረው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ለሚሠራ ቡድን ነው፤ እሱንም ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለው ከተነጋገሩ በኋላ። የምልክት ቋንቋ ፊትንም ይጠቀማል፣ ጓንት ፊት አያይም። የንዝረት ቀበቶው ግን ለእነሱም፣ ለደን ጠባቂም ያገለግላል።

የሙከራ ቦታን በተመለከተ፣ አሁን ባለው ሁኔታ ወታደራዊ የሚመስል ዕቃ ታጥቆ ገደልና ጫካ መዞር የለም። ግቢ ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ይበቃል። ብርዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ ሙቀቱን እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ሥር ታገኙታላችሁ። ሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፤ ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትሰኩት። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ በምን ያህል ኃይል መጠቀም እንደሚፈቀድ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ጠይቁ። ከላይ የጠቀስኳቸው ዋጋዎች የውጭ ናቸው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርባቸዋል። ብር ከተረፈ ተጨማሪ ሞተርና ለስላሳ ባለብዙ ክር ሽቦ ግዙበት። ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው።